አጂ ሲዘምሩ ለምን ያለቅሳሉ?

ጥያቄ፦ በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ በኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪዬን የምከታተል ኢትዮጵያዊት ነኝ። የምኖረው በአንዲት አረጋዊት የሂንዱ እምነት ተከታይ ቤት ላይኛውን ክፍል ተከራይቼ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «አጂ» ይላቸዋል፤ በማራቲ ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። አጂ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው አትክልት ሲከትፉም ሊጥ ሲያሹም ይዘምራሉ። በወር ሁለት ጊዜ ደግሞ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ሳሎኑን ሞልተው አብረዋቸው ይዘምራሉ። በመካከሉ አጂ ድምፃቸው ይቆረጥና እንባቸው ይወርዳል፤ ሌሎቹ ግን አንዲትም ሳታባብላቸው ይቀጥላሉ። ሲያበቃ ሻይ ይቀርባል፣ አጂም ይስቃሉ። ቋንቋውን ጥቂት ጥቂት መስማት ስለ ጀመርኩ፣ መዝሙሩ ውስጥ የራሳቸውን ነገር እንደሚጨምሩ ደርሼበታለሁ፤ አንድ ቀን ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ሌላ ቀን ደግሞ እኔ እራት ሳልበላ ስለ ማደሬ ሲያዜሙ ሰምቻለሁ። አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው «አንቺ የምትማሪው ጤና ነው፤ የጭንቀት በሽታ እንደያዛቸው ንገሪያቸውና ሐኪም ይያቸው፣ ይህ መዝሙርም ይቅር» እያለች ወጥራ ይዛኛለች። በቀደም አጂ በገመድ የተያያዙ ሁለት የነሐስ ሳህኖች ሰጡኝ፤ ግራ ገብቶኝ ወለሉ ላይ ሳስቀምጣቸው ፈጥነው አነሷቸውና ግንባራቸውን አስነኳቸው። አስቀይሜያቸው ይሆን? የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ስለሆንኩስ አብሬያቸው መቀመጤ ነውር ይሆንብኛል? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የምራታቸውን መልእክት ለአጂ አያድርሱ። ይህን ያስቀደምኩት፣ ደብዳቤዎ ውስጥ ፑኔ በምትገኝበት በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት ቢያንስ 700 ዓመት የኖረ፣ በተለይም ሴቶች አሳምረው የሚያውቁበት የኀዘን አያያዝ ስላየሁ ነው። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ብነግርዎ ይሻላል፤ ምራታቸው ነገ ተመልሳ ስትጠይቅዎ «አንድ አማካሪ እንዲህ አለኝ» ከማለት ያለፈ መልስ ያስፈልግዎታልና።

እኔም በወጣትነቴ በዚያች ከተማ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። የተከራየሁት ክፍል ከጎረቤት ወጥ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበርና፣ በየጠዋቱ የሚቀሰቅሰኝ ቻፓቲ የሚባለው ስስ ቂጣ መዳመጫ ድምፅ ነበር። ጎረቤቴ ሊጡን ሁለት ጊዜ ትዳምጥና በሦስተኛው የእንጨቱን ጫፍ ከጣውላው ጋር ታንኳኳዋለች፤ በዚያ ምት ላይ መዝሙሯን ትጭንበታለች። ምጣዱ ላይ ያለው ቻፓቲ ሲነፋ ዜማውን ሳታቋርጥ ታገላብጠዋለች። ልጇ የትምህርት ቤት ሸሚዙን አጥቶ ሲጮህ «ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል» የሚለውን መልስ በዚያው ዜማ ታወርድለትና ካቆመችበት የአምላክ ስም ትቀጥላለች። ያን ጊዜ ሥቄባታለሁ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው ወጥ ቤት ቆሞ፣ ልጅ እየጮኸበት፣ ጋዙ ሊያልቅ ሲል የሚደርሰው ጸሎት ከዚህ የተለየ መልክ ሊኖረው እንደማይችል የገባኝ ብዙ ዘግይቶ ነው።

በወር ሁለት ጊዜ ያሉት ቀን ኤካዳሺ መሆን አለበት፤ ጨረቃ ስትሞላም ስትጎድልም የሚውለው አሥራ አንደኛው ቀን ነው። ምእመናኑ በዕለቱ ከእህል ስለሚጾሙ፣ አጂ በዚያ ቀን ሳቡዳና ከሚባለው ነጫጭ እንክብል የተሠራ ምግብ ካቀረቡልዎ ግምቴ ልክ ነው ማለት ነው። የሚዘምሩት አባንግ ይባላል፤ በሌላው የሕንድ ክፍል ባጃን የሚሉት መዝሙር የማራቲ ወገን ነው። የሚዘመርለት አምላክ ቪትሃል፣ በፍቅር አጠራር ቪቶባ ነው። ከፑኔ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በቢማ ወንዝ ዳር በምትገኘው በፓንዳርፑር ከተማ፣ በጡብ ላይ ቆሞ እጆቹን በወገቡ ያደረገ ጥቁር የድንጋይ ምስል አለው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ወላጆቹን ሲጦር የነበረ አንድ ሰው ከሥራው ሳይነሣ «እስክጨርስ እዚህ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ የወረወረለት ጡብ ነው፤ አምላኩም እስከ ዛሬ እየጠበቀ ነው። በዚህ ሁኔታ የሚጠብቅ አምላክ ፊት ሰው ስለ ጉልበቱ ሕመም ቢያወራ አይገርምም።

ግጥሞቹን ከደረሱት ሰዎች ብዙዎቹ ተራ ሠራተኞች ነበሩ። ናምዴቭ ልብስ ሰፊ ነበር። ቾካሜላ «አይነኬ» ከሚባለው ወገን በመሆኑ ቤተ መቅደሱ ውስጥ መግባት የተከለከለ ሰው ነበር፤ ዛሬ መታሰቢያው ከደረጃው ሥር ይገኛል። ጃናባይ ደግሞ በናምዴቭ ቤት ገረድ ነበረች፤ ለአጂ ነገር የምትቀርበውም እሷ ናት። በስሟ የሚታወቁት ከ300 በላይ ግጥሞች ወፍጮ፣ ሙቀጫና ኩበት የሞላባቸው ናቸው። ቪቶባ ሌሊት መጥቶ ከወፍጮው ማዶ ተቀምጦ አብሯት ይፈጫል፣ ኩበት ይለቅምላታል፣ ፀጉሯን ያበጥርላታል። ሲያናድዳት ደግሞ ስሙን አሳንሳ ትጠራውና በመንደር ጠብ ላይ የሚሰማ ዓይነት እርግማን ታወርድበታለች፤ ይህም እርግማን ከምስጋናዋ ጋር በአንድነት ሲዘመር ኖሯል። አጂ የራሳቸውን ነገር ሲጨምሩ እንግዲህ ከመዝሙሩ መንገድ አልወጡም።

ከአባንግ ጎን ለጎን ኦቪ የሚባል አጭር ስንኝ አለ። የማሃራሽትራ ገጠር ሴቶች ሌሊት ተነሥተው፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሆነው የወፍጮውን እጀታ ይዘው ሲፈጩ ያዜሙት የነበረ ነው። ሄማ ራይርካርና ጊ ፑዋትቫን የተባሉ በፑኔ የሠሩ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በየመንደሩ ዞረው ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ስንኞችን ሰብስበዋል። በስንኞቹ ውስጥ ቪቶባ አለ፣ በሂንዱ ቅዱስ ተረክ የሚነሡት ራማና ሚስቱ ሲታም አሉ፤ የሚማታ ባልም፣ ሳይጠይቅ የቀረ ወንድምም፣ ርቃ የተዳረች ልጅም ከእነርሱ ጋር ይነሣሉ። እኛ ይህን እንጉርጉሮ ብለን እናውቀዋለን፤ አያቶቻችን ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው ለሰው ያልነገሩትን ለድንጋዩ ይነግሩት ነበር። የማራቲዋ ሴት ግን ብዙ ጊዜ ብሶቷን በአምላክ ስም ትጀምረዋለችና፣ አማት ከጓዳ ብትሰማ እንኳ «ምን አልሽ?» ለማለት አፍ ያጥራታል። የኤሌክትሪክ ወፍጮ ሲገባ ብዙው ዜማ ከድንጋዩ ጋር ጥግ ያዘ፤ ከተረፈው ጥቂቱ ደግሞ እርስዎ በየጠዋቱ እንደሚሰሙት ወደ ጋዝ ምድጃው ተሻገረ።

ስለ አጂ ፈጠራ ጥቂት ልጨምር፤ ደብዳቤዎ ውስጥ «ይጨምራሉ» ሲሉ እንደ ስሕተት የቆጠሩት መስሎኛልና። አባንግ ሲዘመር መሪዋ አንዲት መስመር ታወርዳለች፣ ሌሎቹም ይቀበላሉ። ያቺው መስመር አምስት ስድስት ጊዜ ስትመለስ፣ መሪዋ በየዙሩ አንዷን ቃል ትጎትታለች፣ ሌላዋን ታፈጥናለች፣ በመካከልም የራሷን ሐረግ ትሸጉጣለች። በመጨረሻው ስንኝ የገጣሚው ስም ይነሣል፤ የቱካራም መዝሙር ከሆነ «ቱካ ይላል» የሚል ይመጣል። ቱካራም በ17ኛው መቶ ዘመን በፑኔ አቅራቢያ በዴሁ የኖረ ነጋዴ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1630 አካባቢ በደረሰው ረኀብ የመጀመሪያ ሚስቱንና ልጁን አጥቷል፣ ንግዱም ከስሯል። ባላቸውን ያጡ ሴት «ቱካ ይላል» ብለው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ፣ ለዚያች አፍታ የሚናገረው ማን እንደሆነ እንጃ።

አጂን ደብተራቸውን እንዲያሳዩዎት ይጠይቋቸው። እንዲህ ያሉ ሴቶች ብዙዎቹ በእጃቸው የገለበጡት፣ ገጾቹ ዘይት የነካቸው፣ ዳርና ዳሩ ላይ ማስታወሻ የተጫጫረበት የመዝሙር ደብተር አላቸው፤ «በእንትን ፊልም ዜማ» የሚልም አይጠፋበትም። አዎን፣ የፊልም ዜማ ይዋሳሉ፤ መዝሙሩን የሚያጅበው ሃርሞኒየም የተባለው የእጅ ኦርጋንስ ቢሆን በ19ኛው መቶ ዘመን ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ አይደል? የሕንድ ብሔራዊ ሬዲዮ የሕንድን ዜማ መታጠፊያዎች አያወጣም ብሎ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1940 ጀምሮ ለ30 ዓመታት ያህል አግዶት ነበር፤ እገዳው ግን የሴቶቹን ሳሎን አላንኳኳም።

አሁን ወደ እንባው ልመለስ። በማሃራሽትራ ባል የሞተባት ሴት በልማድ ከብዙ በር ትመለሳለች። ባለትዳር ሴቶች ተጠራርተው ቢጫና ቀይ ዱቄት በግንባራቸው የሚቀባቡበት ሃልዲ ኩንኩ የሚባል ግብዣ አላቸው፤ መበለት አትጠራም። ልማዱ በብዙ ቤት እየላላ ቢሆንም በአጂ ዕድሜ ያሉ ሴቶች አልረሱትም፤ ባለፈው ዓመት ስንት ግብዣ እንደቀረባቸው እርስዎም እኔም አናውቅም። በቪቶባ ጉባኤ ግን ግንባር ላይ የሚደረገው ቡካ የሚባል መዓዛ ያለው ጥቁር ዱቄት ነው፤ ባል ያላትም የሌላትም እኩል ትቀባዋለች። እንግዲህ ያ ሳሎን ለአጂ መበለት መሆናቸው የማይቆጠርበት ቦታ ነው፤ ምራታቸው «ይቅር» የምትለው ይህን መሆኑን ልብ ይበሉ።

በሂንዱ የመዝሙር ባህል ከአምላክ የመለየት ናፍቆት ቪራሃ ይባላል። የጠፋውን የሚፈልግ፣ «ለምን ተውከኝ?» እያለ የሚከራከር፣ በር በሩን የሚያይ ሰው ቋንቋ ነው፤ ቃላቱም ባል የሞተባት ሴት ከምትለው አይለዩም። ቅኔ ያደገበት አገር ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ ሰሙ ቪቶባ፣ ወርቁ ሟቹ ባለቤታቸው ሊሆን ይችላል፣ በሌላ ቀን ደግሞ ይገለበጣል። አጂ ራሳቸው ለይተው ላያውቁት ይችላሉ፤ እንዲለዩም የሚጠይቃቸው የለም። በተራ ንግግር «ባሌ ናፈቀኝ» ቢሉ ልጃቸው ይጨነቃል፣ ምራታቸው ሐኪም ትጠራለች፣ ጎረቤት ምክር ይሰጣል። በመዝሙር ሲሉት አሥራ አምስት ሴቶች ይቀበሏቸዋል።

ሴቶቹ የማያባብሏቸውም ለዚህ ነው። እኛ አገር ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደውን ሴት በመካከሉ «በቃሽ» ብሎ አፏን የሚይዝ ነውረኛ ነው። እነዚያ ሴቶች ያቺን መስመር ደጋግመው ሲይዙ፣ የአጂ ድምፅ እስኪመለስ ቦታቸውን እየጠበቁላቸው ነው፤ አንዷ ተነሥታ ብታቅፋቸው መዝሙሩ ይቆማል፣ አጂም በሰው ሁሉ ፊት የሚታዘንላት አሮጊት ሆነው ይቀራሉ። ይህን ለማየት በሚቀጥለው ኤካዳሺ ከአጂ ፊት ይልቅ ታምቡሯን የምትመታዋን ሴት ይመልከቱ። የአጂ ድምፅ ሲቆረጥ ምቷን ዝግ እንደምታደርግላቸው እገምታለሁ፤ በኔ ጊዜ ያየኋቸው ሁሉ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። ከዚያ በኋላ ሻዩና ሣቁ መምጣቱን ራስዎ ጽፈውታል፤ የጤና ተማሪ ስለሆኑ ያንን ሣቅ ከእንባው እኩል እንዲመዘግቡት እጠብቃለሁ።

ምራታቸውን ግን ክፉ አድርገው አይሳሏት። አማቷ በየጉባኤው ሲያለቅሱ የምትሰማ ሴት ናት፤ ቢጨንቃት አይፈረድባትም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር መዝሙሩ አንዳንዴ እሷንም ሳይነካት አይቀርም። «ተከራይዋ ሳትበላ አደረች» የሚለውን ስንኝ እርስዎ እንደ ርኅራኄ ሰሙት፤ ወጥ ቤቱን የያዘችው ምራት ግን «አላበላሻትም» ተብሎ እንደተነገራት ልትሰማው ትችላለች። አጂ በአሽሙር የሚተካከላቸው የለም ማለቴ አይደለም፤ ኦቪ ግን ከጥንት ጀምሮ ለዚህም ያገለግል ነበር። ስለዚህ እራትዎን በተመለከተ ከምራታቸው ጋር ለብቻ ተነጋግረው «እራት ሳልበላ ያደርኩት ትምህርት ይዞኝ ነው፤ ባንቺ ላይ ምንም የለኝም» ይበሏት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የቤቱ ግማሽ ጭንቀት ግን እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሐኪሙ ደግሞ እርስዎ ገና ተማሪ መሆንዎን፣ በሽታ የመሰየም ሥልጣንም እንደሌለዎት በግልጽ ይንገሯት። አጂ እንቅልፍ አጥተው ማደር፣ ምግብ መተው፣ ከሴቶቹ መሸሽ፣ ሞትን መመኘት ከጀመሩና ይህም ሁለት ሳምንት ያህል ከዘለቀ፣ ወይም ራሳቸውን ስለ መጉዳት አንዲት ቃል ከተናገሩ በዚያው ቀን፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይዛችኋቸው ሂዱ። የሕንድ መንግሥት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ያቋቋመው ቴሌ ማናስ የተባለው ነፃ የአእምሮ ጤና የስልክ አገልግሎት በ14416 ሌትም ቀንም ይሠራል፤ ቁጥሩን ለምራታቸው ጽፈው ይስጧት፣ ልቧም ያርፋል። እኔ በበኩሌ ከእንባው ይልቅ ወጥ ቤቱ ጸጥ ያለበትን ጠዋት እፈራለሁ። ያን ቀን ቢያጋጥምዎ ወደ ክፍልዎ አይለፉ፤ ገብተው አጠገባቸው ይቀመጡ።

የነሐስ ሳህኖቹ ታል ይባላሉ። አላስቀየሟቸውም። በዚያ አገር የዜማ መሣሪያ እንደ መጽሐፍ ይከበራል፤ እግር በሚረግጠው ቦታ አይቀመጥም፣ ሳይታሰብ ከተቀመጠም ተነሥቶ ግንባር ያስነኩታል፤ እኛ የወደቀ እንጀራ አንሥተን እንደምንስመው ያለ ነው። አጂ ይቅርታ የጠየቁት ታሉን ነው፣ እርስዎንም አልወቀሱም። በሚቀጥለው ጊዜ በሁለት እጅዎ ይቀበሉና መምታት ካልፈለጉ አጠገብዎ ላለችው ሴት ያቀብሉ፤ ማንም አይታዘብዎትም።

ወደ እምነትዎ ስመጣ አጭር ነኝ። ኀዘንተኛ ጎረቤት አጠገብ ተቀምጦ ማድመጥ በእኔ አስተያየት ነውር የለበትም፤ የሌላ አምላክ ስም እየጠሩ መዘመር ግን ሌላ ነገር ነውና የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ከመዝሙሩ በኋላ የሚታደለው ጣፋጭ ፕራሳድ ይባላል፤ ለአምላኩ ከቀረበ በኋላ የሚሰጥ ስለሆነ እንደ ተራ የሻይ ቁርስ አይቁጠሩት። መቀበል ካልፈለጉ ጉባኤው መካከል እንቢ ከማለት ይልቅ ለአጂ አስቀድመው ለብቻቸው ይንገሯቸው። በወር ሁለት ቀን ከእህል የሚጾሙ ሴት፣ ረቡዕና ዓርብ የምትጾም ልጅ «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ብትላቸው ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ቢያደርጉላቸው ግን ደስ ይለኛል። በሰኔ ወር ውስጥ የቱካራም ምሳሌያዊ ጫማ ከዴሁ፣ የ13ኛው መቶ ዘመኑ ገጣሚ የድኛኔሽዋር ደግሞ ከአላንዲ በመንበር ተጭነው ይነሡና ሁለቱም ሰልፎች በፑኔ አድርገው ወደ ፓንዳርፑር ሦስት ሳምንት ያህል በእግር ይጓዛሉ። በሰልፉ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እየዘመረ ያልፋል፤ ቱልሲ የተባለው ቅዱስ ተክል የተተከለበትን ማሰሮ በራሳቸው የተሸከሙ አሮጊቶች ያያሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ልጅ የሚሽከረከሩም አይጠፉም። የአጂ ጉልበት ያን መንገድ አይችልም፤ ያዜሙትም ስለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ባጃጅ ጠርተው ሰልፉ ወደሚያልፍበት ጎዳና ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ምራታቸውንም ይጋብዟት። ውኃና ሙዝ ይያዙ፤ ለተጓዦቹ የሚሰጥ ነው። እዚያ ሁሉም ሰው ሌላውን «ማውሊ» ብሎ ይጠራል፣ እናት ማለት ነው፤ ከሰልፉ ወጥቶ ጎንበስ ብሎ እግርዎን የሚነካ ሽማግሌ ቢያጋጥምዎ እንዳይደነግጡ። እርስዎም ጎንበስ ብለው የእርሳቸውን ይንኩ፤ ጉልበት መሳም ለለመደ ሰው አያስቸግርም።